የእታለም የጠዋት ቁጥር

በቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ልደታ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስሜ ምንትዋብ ነው። ደረቴ ተከፍቶ፣ ልቤ ተጠግኖ፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ታላቅ እህቴ ግን በዚያው በኔ በሽታ ሞታለች። ስትቀበር አልነበርኩም፤ መሞቷንም አላወቅሁም ነበር። የኔ መትረፍና የሷ መሞት አንድ ላይ ስለሆነ አንዱን ለብቻው ማውራት አልችልም።

እህቴን እታለም ነበር የምላት። ስሟ አስካለ ነው፤ ግን እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ሁለታችንም ስኳር አለብን። «እማማ ያወረሰችን ይህንኑ ነው፣ እሱንም እኩል አካፍላናለች» እያለች ትቀልድ ነበር። እሷ ተክለ ሃይማኖት፣ እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። በየጠዋቱ ቁርስ ሳንቀምስ ጣታችንን ወግተን ስኳራችንን እንለካና ትደውልልኛለች። እንደምን አደርሽ የሚባል ነገር የለም።

«ስንት ሆነልሽ?»

«መቶ ሰባ።»

«ማታ ፓስታ በልተሻል። አትዋሺኝ!»

«አንቺስ?»

ዝም ትላለች። ዝም ካለች ሁለት መቶን አልፏል ማለት ነው። «ሁለት መቶ ሠላሳ» ትልና ወዲያው ስለ ልጇ ስለ ሶስና ወይም ስለ ጎረቤቷ ማውራት ትጀምራለች። ለኔ የምትጠነቀቀውን ሩቡን እንኳ ለራሷ ብትጠነቀቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የኔ ሕመም የጀመረው ደረጃው ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቅብኛል። ሰው እንዳያየኝ ቆሜ ቦርሳዬን ከፍቼ ቁልፍ የምፈልግ እመስላለሁ። ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ ግርማ አንዳንዴ ከኋላዬ ይደርስና፣ «ይህ ቁልፍ ሁልጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው እንዴ የሚጠፋብሽ?» ብሎ ይስቅብኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ከሆዴ በላይ፣ እንብርቴና ደረቴ መሃል ያቃጥለኛል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀኛል። ደረቴን ግን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። የልብ በሽታ ማለት ደረት ይዞ መውደቅ ይመስለኝ ነበር።

ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ጨጓራ ነው አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ? እኔም አመንኩ። ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩና እፍኝ የሚሞላ መድኃኒት ውጬ ጨረስኩ። እታለም ተልባ ቀቅላ በጠርሙስ አመጣችልኝ፤ እሷም «ጨጓራዬን» ስለምትል አብረን እንጠጣ ነበር። ቀጥሎ መንጋጋዬን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ አንዱ ጥርሴ ትንሽ የተቦረቦረ ስለነበር ተነቀለ። መንጋጋዬ ግን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር መጠዝጠዙን አልተወም። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ «የዕድሜ ለውጥ ነው፣ የሴት ነገር ነው» ተባልኩ። ከአንድ ወረፋ ወደ ሌላ ስሸጋገር አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሥራ ቦታ በመስኮት ብቅ ብዬ «ተራዎን ይጠብቁ» ስል የኖርኩት ሴት፣ አሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ አፍ አፍ ሳይ እውላለሁ። ወጪውን አልዘረዝርም፤ የታመመ ሰው ያውቀዋል።

የበሽታዬን ስም ያስገኘው የግርማ ቀልድ ነው። ለስኳር ክትትሌ በሄድንበት ቀን አንዲት ወጣት ዶክተር እየጻፈች፣ «ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

ግርማ ጣልቃ ገባ። «ደህናስ ናት፤ ደረጃ ላይ ቁልፍ መጥፋት ብቻ ነው ያስቸገራት።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን ማለትዎ ነው?» አለችው። ነገራት። እሱ እየሳቀ ነው የጀመረው፤ ሲጨርስ ግን ማንም አልሳቀም።

ከዚያ የልብ ምርመራ፣ ቀጥሎ ሲቲ ስካን፣ ቀጥሎ በእጄ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቤን ደም ስሮች አዩ። የልብ ሐኪሙ ሸበት ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ለልብዎ ደም በሚያቀብሉት ስሮች ግድግዳ ላይ ካልሲየም ተጋግሯል» አሉኝ።

ካልሲየም የማውቀው ለአጥንት ነው። «ወተት ስለማበዛ ነው?» አልኳቸው።

«ወተት ምንም አላደረገ። የውሃ ማፍያዎን ውስጡን አይተውት ያውቃሉ? ዓመት ሙሉ ውሃ ሲፈላበት ነጭ ነገር ይጋገርበት የለ? ስኳሩ ለብዙ ዓመት ሲበዛ የደም ስሩን ውስጡን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ላይ ስብ ይጠራቀማል፤ ቆይቶ ካልሲየም ገብቶበት ይደርቃል፣ ስሩም ይጠባል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ቶሎ ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን አላመመኝም?»

«ስኳር ነርቭን ያደነዝዛል። ሌላው ሰው ደረቱን ሲያመው እርስዎን ሆድዎን ያቃጥልዎታል፣ ያልብዎታል፣ ይደክምዎታል። አንዳንዱን ጭራሽ ምንም አይለውም።»

የእኔ ስሮች ከመጋገራቸው የተነሳ ስቴንት በሚሉት የሽቦ ወንፊት መክፈት እንደማይቻል፣ ከእግሬ ደም ስር ተወስዶ ለልቤ ሌላ መተላለፊያ መሠራት እንዳለበት ነገሩኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ላብ፣ ቃጠሎ፣ ድካም። ይህ ሁሉ እታለም ላይ አለ። ነገርኳቸው፤ ሳትውል ሳታድር ትመርመር አሉ። ከክሊኒኩ በር እንደወጣሁ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ጨጓራ የምንለው ጨጓራ አይደለም። አንቺም ነገውኑ መታየት አለብሽ።»

«አንቺ መጀመሪያ ዳኚ።»

«አብረን እንታይ እያልኩሽ ነው!»

«ምንትዬ፣ ሁለታችን ባንዴ ከተኛን ማን ያስታምመናል? ግርማ ሾርባ እንኳ መሥራት አይችል። አንቺ ውጪና በማግሥቱ እኔ እገባለሁ። ያኔ አንቺ ታስታምሚኛለሽ።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሶስናንም አስለመንኳት። ንቅንቅ አላለችም። በእኛ ቤት፣ በእናንተም ቤት ሳይሆን አይቀርም፣ ሕመም ወረፋ አለው። አንዱ ሲተኛ ሌላው ጤነኛ ይሆናል፤ ባይሆንም ይሆናል። አስታማሚ ታማሚ መሆን አይፈቀድለትም። እህቴን የገደላት ይህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የቀዶ ጥገናው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቼ አልጋ ስይዝ ከአጠገቤ አልተለየችም። ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ። ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰኝ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ።

«አልቦሻል» አልኳት።

«ክፍሉ ሞቆ ነው። አፍሽን ክፈቺ።»

«ዛሬ ስንት ሆነልሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ሁለት መቶ አርባ። አንቺ ስትድኚ እሱም ይወርዳል» አለችኝ። ልብሴን ቀይሬ ልምጣ ብላ ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች። በር ላይ ዞር ብላ፣ «ሾርባውን እንዳትተዪው» አለች። ከእህቴ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ተክለ ሃይማኖት ቤቷ ደርሳ፣ ትንሽ ልረፍ ብላ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለች አልተነሳችም። ደረቷን አልያዘችም፣ አልጮኸችም። ሶስና ከሥራ ስትገባ የተኛች መስሏት ብርድ ልብስ አለበሰቻት።

እኔ ይህን አላወቅሁም። የሚቀጥለውን የነገረኝ ግርማ ነው፣ ብዙ ቆይቶ። ሐኪሙ «ምንም የሚያስደነግጣት ነገር አይኑር» ብለውት ነበር። እሳቸው ያሉት ስለ ሁሉም ሕመምተኛ የሚባለውን ነው፤ ግርማ ግን ልቧ አሁን የተሰፋች ሴት የእህቷን ሞት አትችልም ብሎ ደነገጠ። ከዘመድ ጋር ተመካከሩና ይደበቃት ተባለ። በአገራችን ወጉ እንደዚህ ነው፤ ለታመመ መርዶ አይነገርም። ቁስሌ ደግሞ በስኳሩ ምክንያት አመረቀዘና ከሆስፒታል ቶሎ አልወጣሁም። እነሱ ከልቅሶ ቤት እየተነሱ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ጥቁሩን ልብስ ታች መታጠቢያ ቤት ያወልቁና በፌስታል ይዘውት፣ ባለ አበባ ሻርፕ ለብሰው ይገባሉ።

የእናቷ ሬሳ በወጣ በማግሥቱ ሶስና ምሳ ይዛልኝ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ጉንፋን ነው አለችኝ።

«እናትሽስ? ስልኳ አይነሳም እኮ!»

«ጠበል ገብታለች» አለችኝ። «ለአንቺ ተስላ ነው። እዚያ ስልክ አያስገቡም።»

እታለም ታደርገዋለች፣ አመንኩ። «ስኳሯስ? ጠበል ቦታ ማን ይለካላታል?»

ምሳውን ከፈተችልኝ። «ይለካላታል። ነገ ቁጥሩን አመጣልሻለሁ።»

በማግሥቱ ይዛ መጣች። «መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለችኝ።

«ምን? ሳትበላ ነው ከበላች በኋላ?»

«ሳትበላ። በጠዋት።»

ተነስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እህቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ካየች ስንት ዓመቷ! ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳዬ ከእታለም ቁጥር ጋር ይመጣል። መቶ ሃያ ሰባት። መቶ ሃያ አራት። መቶ ሠላሳ አንድ። ለነርሷ ነገርኩ፣ አጠገቤ ለተኛችው ሴትዮም ነገርኩ። «እህቴ ስኳሯን ልክ አስገባችው፤ ጠበሉ ሠራላት» እያልኩ። እሷ ከዳነች እኔስ ምን ያቅተኛል ብዬ የጠላሁትን ምግብ በላሁ፣ በዱላ ኮሪደር ለኮሪደር ተራመድኩ። ሶስና ሳህኑን ልጠብ ብላ ቶሎ ቶሎ ትወጣ ነበር። መታጠቢያው ጋ ሆና ታለቅስ እንደነበር እኔ ምን አውቄ!

ቤቴ ስገባ ጎረቤቶቼ አጥሚት ይዘው መጡ። ሁሉም ያውቃሉ። ማንም ዓይኔን አላየኝም። «እታለም መቼ ነው የምትመጣው?» ስላቸው አንዷ ልጇን ትጠራለች፣ ሌላዋ እሳት ላይ የተውኩት ነገር አለ ትላለች። ሐኪሜ ደህና ነሽ፣ ቁስልሽ ደርቋል ያሉኝ ሰሞን፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ግርማ ቀሰቀሰኝ። «መድኃኒትሽን ዛሬ ቀደም አድርገሽ ውሰጂ» አለኝ። የደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። የብዙ ሰው ኮቴ ነው፤ ማንም አያወራም። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የንስሐ አባቴ ቀድመው ገቡ፤ ከኋላቸው ጎረቤቶቼ፤ መጨረሻ ላይ ሶስና፣ በጥቁር ልብስ። እሷን ሳይ ማንም መናገር አላስፈለገውም።

«ጠበል አይደለችም?» ነው ያልኩት። «ሶስና፣ ጠበል አይደለችም?»

እህቷ የሞተችባት ሴት ደረቷን ትመታለች። እኔ መምታት አልቻልኩም። የደረቴ አጥንት ገና አልገጠመም። ስስል እንድደግፍበት ሆስፒታል የሰጡኝን ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ሳልጮህ፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ በላይ የሚያም ነገር አላየሁም፤ ቀዶ ጥገናውም እንደዚያ አላመመኝም። ያሳደገችኝን ሴት አፈር ሲያለብሷት እኔ ሾርባ እየጠጣሁ፣ ስኳሯ ወረደ ብዬ ለሰው እያወራሁ ነበር። ግርማን ለቀናት አላናገርኩትም። አንድ ቀን ብቻ፣ «እኔን አተረፋችሁ፤ እህቴን ግን እኔ ሳልቀብራት ቀበራችኋት» አልኩት። «ሁለታችሁንም ባንድ ሳምንት ላጣ አልፈለግሁም» አለኝ። ይኼው ነው መልሱ። ዛሬም ቢሆን ትክክል ነህ ማለት አልሆነልኝም፤ ተሳስተሃልም ማለት አልሆነልኝም።

ከዚያ በኋላ ሶስና መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መርካቶ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ የምትሠራ፣ ገና ሠላሳ ዓመቷን የያዘች ልጅ ናት። ክስት ብላለች። ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኋት።

«ያንን ሁሉ ቁጥር ከየት ነበር የምታመጪው?»

አንገቷን ደፋች። «ዝም ብዬ ልፈጥር ነበር። ግን አክስቴ፣ አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፤ ያልሆነ ነገር ተናግሬ እንዳትነቂብኝ ፈራሁ።» እጇን ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ ጫፍ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኗል። «በእማዬ መለኪያ ጠዋት ጠዋት የራሴን ጣት እየወጋሁ ነበር። የእማዬ ነው ብዬ ብዋሽም፣ ቁጥሩ እንኳ እውነት ይሁን ብዬ ነው።»

እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ጣቷን ወግታ ለኔ ምሳ ትይዝ የነበረች ልጅ! እጇን ይዤ ስሜያት አለቀስን። እያለቀስኩ ግን ቁጥሮቹ ጆሮዬ ውስጥ ይመላለሳሉ። በየቀኑ ለሰው ሳወራቸው ስለከረምኩ በቃሌ ነው የማውቃቸው። መቶ ሃያ ሰባት። መቶ ሠላሳ አንድ። ልቅሶዬ ቀጥ አለ።

«ስትለኪ ቁርስ በልተሽ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። እማዬ እንደምታደርገው ነው፣ ከመኝታዬ እንደተነሳሁ።»

መቶ ሠላሳ አንድ ለእታለም እልል የሚያስብል ቁጥር ነው። ምንም በሽታ የለብኝም ለምትል የሠላሳ ዓመት ልጅ ግን፣ ሳትበላ፣ በባዶ ሆድ፣ የእልልታ ቁጥር አይደለም። ስኳር ስንት ዓመት ተደብቆ እንደሚቆይ፣ ቆይቶም የልብን ስር እንዴት እንደሚጋግር፣ አሁን አውቃለሁ። እናቷ በሕይወት ሳለች ያልሰማችውን ምክር ሞታ ለልጇ ላከችላት ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?

«ነገ እንሄዳለን፤ ትመረመሪያለሽ» አልኳት።

ሶስና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ኧረ አክስቴ፣ ሐዘን ይሆናል፣ ምንም አልበላሁም፣ አልተኛሁም። ደግሞ አንቺ መጀመሪያ ዳኚ። ሁለታችን ከተኛን ማን ያስታምመናል?»

የእናቷ ድምፅ ነው። ቃሉ ራሱ፣ አነጋገሩ ራሱ። ትራሴን ደረቴ ላይ ያዝኩና ከአልጋዬ ወረድኩ። «ጫማዬን አምጪልኝ» አልኳት። «ነገም አይደለም። አሁን።»

ደረጃውን እሷን ተደግፌ ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ልረፍ ብላ የቆመችው እሷ ናት፣ ከልቅሶዋ ብዛት። ክሊኒኩ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ ወንበር ሲለቀቅ አንቺ ተቀመጪ፣ አንቺ ተቀመጪ ስንባባል አንዲት እናት ልጃቸውን አስነስተው ሁለታችንንም አስቀመጡን። የዚያን ቀን የተሰጣት ምርመራ የጣት ብቻ አይደለም፤ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳይም ነው። ሐኪሙ ሐዘንም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ነገረን፤ ውጤቱን ሲያይ ግን፣ «ስኳሩ ጀምሮሻል። ገና በጠዋቱ ስለመጣሽ ግን ጊዜ አለሽ፣ መቆጣጠር ይቻላል» አላት። ሶስና እናቷን ጠርታ አለቀሰች። እኔም አብሬያት። ሌላ ሰው በዚያ ኮሪደር ለምን እንደምናለቅስ የጠየቀን የለም።

እንግዲህ ለማለት የፈለግሁት ይኼው ነው። ስኳር ያለበት ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ደረጃ ላይ ቁልፍ ከጠፋበት፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ። ልቡ ይታይለት። አስታማሚያችሁንም እዩት፤ እሱም ይታመማል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ጣቴን እወጋለሁ። ወዲያው ስልኬ ይጠራል። ሶስና የእናቷን ስልክ አልዘጋችውም፣ በሱ ነው የምትደውለው። እኔም ስሙን ልቀይረው አልቻልኩም። ስክሪኑ ላይ «እታለም» ይላል። ሁልጊዜ ለአንድ አፍታ፣ ከማንሳቴ በፊት፣ እሷ ናት።

«አክስቴ፣ ስንት ሆነልሽ?»

እነግራታለሁ። ከዚያ የሷን እጠይቃለሁ።